በሰማያዊ ቀለም የሸፈንኳት ምልክት

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ማንበብ እችላለሁ። አማርኛም እንግሊዝኛም አነባለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ማንበብ የማልችል ሰው ብሆን ኖሮ የምተርክላችሁ ነገር ስሕተት ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ ስለምችል ግን ሌላ ስም አለው።

ዘመኑ ዘጠናዎቹ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ያኔ ላስ ቬጋስ አሁን እንደምታዩዋት አልነበረችም። ዛሬ ሰዘርን ሃይላንድስ የሚባለው የሀብታም ሰፈር ቁጥቋጦና እንሽላሊት ብቻ ነበረበት። እኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ከባለቤቴ ከሂሩት ጋር ዊንቸስተር የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ተከራይተን እንኖራለን። ሥራዬ አንድ ትልቅ ሆቴል ደጃፍ ቆሜ፣ ቀይ ኮት ለብሼ፣ የሰው መኪና እየተቀበልኩ ፓርክ ማድረግ ነው። ሂሩት እዚያው ሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር፤ ስታረግዝ ወገቧን ስላመማት አቆመች። የመጀመሪያ ልጃችን ስለሆነች ሁለታችንም የምንሆነው ጠፍቶን ነበር። እኔማ ሆዷን ሳላዋራ ከቤት አልወጣም ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ሠላሳ ምናምን ሰው ናት። የራሳችን ሕንፃ የለንም። ከአንድ የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለ አዳራሽና ለልጆች የምትሆን አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን እሁድ እሁድ ከሰዓት እናመልካለን። ግማሹ ሰው ከሺፍት ከነዩኒፎርሙ ይመጣል። የካዚኖ ቬስቱን ሳያወልቅ ኪቦርድ የሚመታ ወንድም ነበረን። አንዱ ሥራ ሲያገኝ ሁሉም ያውቃል፤ አንዱ ሲታመም ሁሉም ሾርባ ይዞ ይመጣል፣ በሽተኛው ሾርባ ብቻ ጠጥቶ ይከርማል። ዛሬ ትልቅ ሕንፃ፣ ሰፊ ፓርኪንግና ብዙ ሕዝብ አለን፤ ጌታ ይመስገን። ያቺን አዳራሽ ግን እንዴት እንደምናፍቃት።

ያኔ የቸገረን የውሃ ጥምቀት ነበር። በፊት የምናጠምቀው አንድ ወንድም በሚኖርበት አፓርታማ መዋኛ ነው። አንድ እሁድ ነጭ ቀሚስ የለበሱ ሰባት ሰዎች እየዘመሩ ወደ መዋኛው ሲወርዱ፣ ዳር ላይ ተጋድመው ፀሐይ የሚሞቁት ሰዎች ደነገጡና ማኔጀሩን ጠሩ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀና፣ ሁለተኛ እንዳትመጡ አለን።

ጋሽ ተሰማ ናቸው መፍትሔ ያመጡት። ጋሽ ተሰማ ስድሳ የተጠጋቸው ሽማግሌያችን ነበሩ፤ የአንድ ሆቴል የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። አገር ቤትም በዚሁ ሙያ ነው የኖሩት። ብረት መጣል ኃጢአት የሚመስላቸው ሰው ናቸው፤ ብሎን መንገድ ላይ ካዩ መኪና አቁመው ያነሣሉ።

«ገንዳውን ለእኔ ተዉት» አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በተዋሱት ፒካፕ አንድ ረጅም፣ አፉ ክፍት የሆነ የብረት ገንዳ ይዘው መጡ። በስተሰሜን በረሃው ውስጥ ካለች ትንሽ ከተማ፣ አሮጌ ዕቃ በጨረታ ከሚሸጥበት ግቢ ነው የገዙት። ልክ ለሰው ቁመት የተሠራ ይመስላል። ስድስት ሆነን አወረድነው። ማፍሰሻው ላይ ያለችው ጎሚቶ፣ የታጠፈችው የቧንቧ ቁራጭ ማለቴ ነው፣ ስለምታንጠባጥብ ጋሽ ተሰማ ፈትተው በአዲስ ቀየሯት። አሮጌዋን አልጣሏትም፤ ከባድ ብረት ስለሆነች የልጆቹ ክፍል በር በንፋስ እንዳይዘጋ ማስደገፊያ አደረጓት። ሁላችንም የጋሽ ተሰማን ብልሃት አደነቅን።

ቀለሙ የእኔ ድርሻ ሆነ። ዴይ ኦፌ፣ የዕረፍት ቀኔ፣ ማክሰኞ ነበር። ብቻዬን የብርጭቆ ወረቀት፣ ሩሎና ሰማያዊ ቀለም ይዤ ሄድኩ። ዝገቱን እየፈገፈግሁ ወደ ማፍሰሻው ስደርስ ብረቱ ላይ አንድ ምልክት አገኘሁ። የቆሸሸ ቢጫ መደብ ላይ በወይን ጠጅ ቀለም የተሣለች ናት፤ መሃሏ ላይ ነጥብ፣ ዙሪያዋን ሦስት ክንፍ። ቬንቲሌተር መሰለችኝ። የፋብሪካ ማርክ ነው ብዬ ገመትኩ። ከሥሯ ጽሑፍ አለ፤ አብዛኛው ተፍቋል፤ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ግን በደንብ ትነበባለች። «ጥንቃቄ» ትላለች።

አነበብኳት። ቁጢጥ ብዬ ትንሽ አሰብኩ። ጋሽ ተሰማን ልጠይቃቸው እንዴ? ከጠየቅኋቸው ሊያጣሩ ነው፤ ካጣሩ ጥምቀቱ ሊዘገይ ነው። ሂሩት ደግሞ ለመጠመቅ ሁለት ዓመት ጠብቃለች፤ ሳትወልድ መጠመቅ ትፈልጋለች። ደግሞስ ለአሮጌ ገንዳ ምን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል? ሩሎዬን ነከርኩና ቀባሁ። ሲደርቅ ደገምኩት። ሲያልቅ ራሴው ራቅ ብዬ አየሁትና ደስ አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እሁድ አምስት ሰው ተጠመቀ። ሂሩት የመጨረሻዋ ነበረች። የአምስት ወር ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ስትገባ ሴቶቹ አለቀሱ። ስትወጣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ እየሳቀች «ቀዘቀዘኝ» ስትል ትዝ ይለኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያማረችበትን ቀን አላስታውስም።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባሁ። የሆቴላችን አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ስብሰባ አለ፤ ከመላው አሜሪካ የኑክሌር ማመንጫዎች የሚወጣውን ቆሻሻ እኛው በረሃ ውስጥ ያለ ተራራ ፈልፍለው ይቅበሩት አይቅበሩት የሚል ክርክር ነው። ደጅ የሚቃወሙ ሰዎች ሰሌዳ ይዘው ተሰልፈዋል። እኔ የአንድ ሰውዬ ካዲላክ ቁልፍ ተቀብዬ ዞር ስል፣ ሰሌዳው ላይ ያቺ ቬንቲሌተሬ አለች። በየሰሌዳው ላይ አለች። ያው ቢጫ፣ ያው ሦስት ክንፍ።

ቁልፉ ከእጄ ወደቀ።

ከሰልፈኞቹ ትንሽ ፈንጠር ብለው፣ ታጣፊ ወንበር ላይ የተቀመጡ ነጭ ፀጉር ያላቸው ፈረንጅ ሴት ነበሩ። ሰሌዳ አልያዙም። ወደ እሳቸው ጠጋ ብዬ፣ «ይቅርታ፣ ያቺ ሥዕል ምንድን ናት?» አልኳቸው።

«ጨረር አለ ማለት ነው» አሉኝ። «ራዲዮአክቲቭ ነገር ያለበት ዕቃ ላይ ነው የምትለጠፈው። የት አየሃት?»

«የትም። እንዲሁ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ስማቸው ዶሪስ ነበር። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም እንጂ እኔ በልቤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቱ ነበር የምላቸው። የአቶም ቦምብ ይሞከርበት በነበረው በረሃ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨረር ሲለኩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ከስብሰባው ወረቀት ጀርባ ላይ ስልካቸውን ጻፉና፣ «እንዲሁ ከሆነ ጥሩ፤ እንዲሁ ካልሆነ ደግሞ ደውልልኝ» አሉኝ።

ያን ቀን መኪና እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ቲፕ ሲሰጡኝ እንኳ አመሰግናለሁ ማለት ረሳሁ። በዓይኔ ላይ የሚዞረው ሂሩት ሆዷን ይዛ ውሃ ውስጥ ስትገባ ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሺፍቴ ሲያልቅ በቀጥታ ጋሽ ተሰማ ጋ ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲደረድሩ አገኘኋቸው። እውነቱን መናገር ሲገባኝ ምን አልኳቸው መሰላችሁ?

«ጋሼ፣ ከበረሃው የሚመጣ አሮጌ ብረት ጨረር ሊኖረው ይችላል ሲባል ሰማሁ። ገንዳችንን ብናስለካው?»

ጋሽ ተሰማ ወንበሩን እንደያዙ ቆሙ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ማን ነገረህ?»

«የሚለኩ ሴትዮ አግኝቻለሁ።»

«ይምጡ» አሉ፤ ድምፃቸው ወደ ውስጥ ገባ። «ለሰው ግን አሁን አትንገር። የአዳራሹ ባለቤቶች ከሰሙ ከዚህም ያስወጡናል።»

ቤት ገባሁ። ሂሩት ምስር እየለቀመች እሁድ ማን ምን እንዳለ ታወራኛለች። ራሴን አመመኝ ብዬ ተጋደምኩ። እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ጸለየችልኝ። አንገቴን ብታንቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታውኑ ደውዬላቸው ስለነበር ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሚስ ዶሪስ በአሮጌ መኪናቸው መጡ። ትንሽ ሣጥን የምታክል እጀታ ያላት መለኪያ ይዘዋል። ገና ሲከፍቷት ጠቅ አለች። ቆይታ ደግሞ ጠቅ። ወደ ኋላ አፈገፈግሁ።

«አይዞህ» አሉ ሳቅ ብለው። «ይህ የዓለም ድምፅ ነው። ድንጋዩም፣ አየሩም፣ እኔና አንተም ትንሽ ትንሽ አለን። መፍራት ያለብህ መንጣጣት ስትጀምር ነው።»

ከዚያ ወደ ገንዳው ዞረው፣ «ምልክት ነበረው? ቢጫ ነገር? ጽሑፍ?» ሲሉ ጠየቁ።

እኔ ለጋሽ ተሰማ አስተረጎምኩላቸው። ጋሽ ተሰማ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «ቢኖርማ ይሄ ልጅ ያየው ነበር፤ ዝገቱን የፋቀው እሱ ነው» አሉ።

ሁለቱም እኔን ያያሉ።

«አላየሁም» አልኩ።

ሚስ ዶሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያቺን መለኪያ የገንዳው ከንፈር ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ በጎኑ በጎኑ ቀስ አድርገው አስኬዷት። ጠቅ። ቆይታ ጠቅ። ሩብ ሰዓት ያህል ሆናቸው። በመጨረሻ ቀና አሉና ወገባቸውን ይዘው፣ «ንጹሕ ነው። ምልክት ከሌለው ምናልባትም የውሃ ማጠራቀሚያ ነበር። የተጠመቁትም ምንም አይሆኑም» አሉ። ጋሽ ተሰማ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ሚስ ዶሪስ መለኪያቸውን መዝጋት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። ማንም አያውቅም። እኔም ዝም ልል ነበር፤ አልዋሻችሁም። ግን «ምልክት ከሌለው» አሉ። ነገሩን የደመደሙት በእኔ ቃል ነው። ቃሌ ደግሞ ውሸት ነው። ሂሩት «ቀዘቀዘኝ» ስትል ሰማኋት፤ እዚያው አጠገቤ የቆመች ያህል ነበር የሰማኋት።

«ነበረው» አልኩ። መጀመሪያ በአማርኛ ነው የወጣኝ። ቀጥዬ በእንግሊዝኛ ደገምኩት። «ምልክት ነበረው። አይቼዋለሁ። ጥንቃቄ ይላል። ቀለም ቀባሁበት።»

ጋሽ ተሰማ እጃቸውን ከፊታቸው ላይ አወረዱ። ሚስ ዶሪስ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ። መለኪያዋን መልሰው ከፈቱና፣ «የት ጋ?» አሉ።

ማፍሰሻው ጋ ወስጄ አሳየኋቸው። ተንበርክከው ለኩ፤ ምንም የለም። ወደ ቧንቧው ጠጋ ብለው ሲያዩ ቆሙ።

«ይህ አዲስ ነው። አሮጌው የት አለ? ቆሻሻ የሚጋገረው መታጠፊያው ውስጥ ነው።»

እኔና ጋሽ ተሰማ ተያየን። ሁለታችንም አንገታችንን ወደ ልጆቹ ክፍል አዞርን።

በሯ ክፍት ናት። ጎሚቶዋ ሥሯ ተቀምጣለች። ሚስ ዶሪስ በእጃቸው ቁሙ ብለውን ብቻቸውን ሄዱ። ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ያቺ መለኪያ ጠቅታዋን አቁማ ተንጣጣች። ቆሎ ሲታመስ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነው። ዛሬ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ቆሎ በሚታመስበት ቤት አልቀመጥም።

ያቺ ክፍል የማን መሰለቻችሁ? ልጆቹን የምታስተምረው ሂሩት ናት። ሦስት እሁድ ሙሉ እዚያ ተቀምጣ አስተምራለች።

«ወንበሯ የት ነው?» አሉ ሚስ ዶሪስ፣ ነፍሰ ጡር መሆኗን ስነግራቸው። በጣቴ አሳየኋቸው። መስኮቱ ሥር ነው፤ ከበሩ ማዶ። ሄዱና መለኪያዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጧት። እኔ መጸለይ እንኳ አልቻልኩም። «ጌታ ሆይ» ካልኩ በኋላ የሚቀጥለው ቃል ጠፋኝ።

ጠቅ። ቆይታ ጠቅ።

«እዚህ ምንም አይደርስም» አሉ። «ና፣ ራስህ ስማው።» ሄጄ ተንበርክኬ ሰማሁ። ከወንበሩ ላይ ሆነው ወደ በሩ እያዩ አንድ በአንድ አስረዱኝ፦ ከብረቷ ምን ያህል ትርቃለህ፣ ስንት ሰዓት ትቆያለህ፣ መሃል ላይ ምን ይከልልሃል። ልጆቹም በበሩ አልፈው ይገባሉ እንጂ እሷ ላይ አልተቀመጡም፤ የሚጎዳ አይደለም አሉ። «ቤቱ ወስዷት አልጋው ሥር ያስቀመጣት ሰው ቢኖር ግን እንዲህ ደህና ሆኜ አላወራህም ነበር።» ስልክ ደወሉ። ከሰዓት በኋላ የሚመለከታቸው ሰዎች መጥተው ጎሚቶዋን ወፍራም ሣጥን ውስጥ አድርገው ወሰዷት። አዳራሹንም አልተነጠቅንም።

ያኔውኑ ቤቴ ሄጄ ለሂሩት ሁሉንም ነገርኳት። ወይም ያኔ ሁሉንም የነገርኳት መሰለኝ። አልጮኸችም። ሆዷን ያዘችና፣ «አንብበኸዋል?» አለችኝ።

«አንብቤዋለሁ።»

«ለእኔ ብለህ ነው?»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ሁለተኛ ምንም ነገር አታድርግልኝ» አለች። አራት ቀን ምግቤን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ መኝታ ቤት ትገባ ነበር።

የሚቀጥለው እሁድ ጋሽ ተሰማ ሰው ሁሉ ፊት ቆመው ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳላጣራ የገዛሁት እኔ ነኝ አሉ። የእኔን ነገር አላነሱም። እኛ ጋ የምስክርነት ሰዓት የሚባል አለ፤ ሰው ተነሥቶ ጌታ ያደረገለትን ይናገራል። ሁልጊዜ የድል ወሬ ነው፤ ግሪን ካርድ ወጣልኝ፣ ሥራ አገኘሁ፣ ተፈወስኩ። ሕዝቡም ሃሌ ሉያ ይላል። እኔ ተነሥቼ አነበብኩት፣ ቀባሁት፣ ስጠየቅም ዋሸሁ አልኩ። ሃሌ ሉያ የሚል ጠፋ። ኪቦርዱ ላይ ያለው ወንድም እንኳ ምን እንደሚመታ ግራ ገባው። ሂሩት ግን ከኋላ ተነሥታ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

ልጃችን በወሯ በሰዓቷ ተወለደች። በደህና። ሂሩት ሚስ ዶሪስን ገንፎ ብሉልን ብላ ጠራቻቸው፤ መለኪያዎትን ይዘው ይምጡ አለች። ሴትዮዋ አያስፈልግም ብለው ነበር፤ የሂሩትን ፊት ሲያዩ ግን ከቦርሳቸው አወጧት። ከሕፃኗ እግር ጀምረው እስከ ራሷ ድረስ በላይዋ አስኬዷት። ጠቅ፤ ቆይታ ጠቅ። ከድንጋዩና ከአየሩ እኩል። ከዚያ ወዲያ ነው ሂሩት ያለቀሰችው።

ገንዳውን ጥለን ሌላ አስመጣን። የመኪናውን ሥራም ተውኩት። በሚስ ዶሪስ ምክር ተምሬ እኔም መለኪያ ይዤ ሃያ ዓመት በረሃው ውስጥ ሠራሁ። አንድ ቀን ሚስ ዶሪስ ስለዚያ ተራራ ሲያወሩኝ፣ ሊቃውንቱ ዐሥር ሺህ ዓመት የሚቆይ፣ ያኔ የሚመጣ ቋንቋችንን የማያውቅ ሰው እንኳ አይቶት የሚሸሸው ምልክት እንዴት እንሥራ እያሉ ይጨነቃሉ አሉኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እኔ ቋንቋውን እያወቅሁ፣ አንብቤው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ በሩሎ አጥፍቼዋለሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ ጋሽ ተሰማን ከቀበርን በኋላ ነው። ከማረፋቸው ጥቂት ቀናት በፊት ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ጠዋት ነው፤ ፀሐይ አልጋቸው ላይ ገብታለች። ስለዚያች አዳራሽ፣ ስለ መዋኛው ማኔጀር እያነሣን ስቀን ነበር። ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«ብሩክ፣ ያቺ ቢጫ ነገር» አሉ። «እኔም አይቻት ነበር።»

«መቼ ጋሼ?»

«ጨረታው ላይ። ልጠይቅ አፌን ከፍቼ፣ አይሸጥም ቢሉኝስ ብዬ ዝም አልኩ። ያን ቀን ‹ይሄ ልጅ ያየው ነበር› ያልኩት እኮ፣ እኔ መናገር ሲያቅተኝ አንተ እንድትናገር ነው። አንተ ተናገርክ። እኔ ይኸው እስከ ዛሬ።»

በዚያ ሁሉ ዓመት ምልክቷን ያየሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እሳቸውም እንደዚያው ብቻቸውን ሲሸከሙ ኖረዋል። እንግዲህ እኔም የቀረችኝን አወጣኋት፤ ለሂሩትም ያልነገርኳትን።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ሙሉውን አንድ እጅ ቀብቼው ነበር» አልኳቸው። «ሲደርቅ ጥንቃቄ የምትለው ቃል ከሥር ወጥታ ታየችኝ። ሁለተኛውን እጅ የቀባሁት እሷ ላይ ብቻ ነው።»

ጋሽ ተሰማ እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። «አሁን ለሂሩት ሄደህ ንገራት» አሉኝ።

ያን ዕለት ከሆስፒታሉ በቀጥታ ቤት ሄጄ ነገርኳት።